ለሙከራ የመጣ ዕቃ

ሐበሻ በሰፈረበት አገር ሁሉ አንድ የቴክኖሎጂ ዜና አብሳሪ አይጠፋም። ቄስ ሊጠፋ ይችላል። ጥሩ በርበሬ ሊጠፋ ይችላል። ጸሐፊ የሌለው ማኅበርም አይተናል። ትናንት የወጣውን ስልክ ዛሬ በዝርዝር የሚያውቅ፣ የሚናገር ፍሪጅ ተሠራ ሲባል ከፍሪጁ ቀድሞ የሚናገር ሰው የሌለበት የሐበሻ ሰፈር ግን እስካሁን አልተገኘም። ተገኝቶ ከሆነም ዜናውን የሚያደርስ ሰው ስለሌለ አልሰማንም።

በደቡብ ለንደን ይህን ሹመት የያዙት ጋሽ ኃይለመለኮት ናቸው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም፤ ደመወዝም የላቸውም። ሆኖም ከኬኒንግተን እስከ ክላፋም ያለ ሐበሻ ሁሉ የቴክኖሎጂ ሚኒስትሩ እሳቸው መሆናቸውን ተቀብሏል። አጠር ብለው ደልደል ያሉ ሰው ናቸው፤ ከኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ የቻርጀር ገመድ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሰው ቤት ሲገቡ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚፈልገው ወንበር ሳይሆን ሶኬት ነው። ስልካቸውን ሰክተው፣ ሰዓታቸውን ሰክተው፣ ምንነቱ ያልታወቀ ሌላ ዕቃም ሰክተው ሲያበቁ መሐል ወለል ላይ ይቆሙና፣ "የመጣውን ሰማችሁ?" ይላሉ።

ያን ጊዜ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ጆሮው ይልካል። ጋሽ ኃይለመለኮት በማኅበር መሐል ዜና የሚያወሩት በጩኸት ነዋ! ጩኸት ሲባልም እንዲያው ድምፅ ከፍ ማድረግ አይምሰላችሁ፤ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስላል። "ኧረ ጋሼ፣ እዚሁ ነን እኮ!" ትላቸዋለች ወይዘሮ ብፅዓት፣ ግንባሯን አኮማትራ። እሳቸው "ገና ምኑ ታየና!" ብለው ይቀጥላሉ።

ከማኅበርተኛው ሁሉ ጆሮዋን የማትይዘው ሐረገወይን ብቻ ናት። ሰዉ በጋሽ ኃይለመለኮት ላይ ምን እንደሚያማርር ገብቷት አያውቅም። እሷን ከጠየቃችኋት በለንደን ካለው ሐበሻ ሁሉ አጥርተው የሚናገሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። የቀረው ሕዝብ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ቃሉን በጥርሱ መካከል እያኘከ ማንሾካሾክ ጀምሯል። ቄሱ ያንሾካሹካሉ። አውቶቡስ ውስጥ የፌርማታ ስም የምትጠራው ሴትዮ ታንሾካሹካለች። ክላፋም የምትኖረው ልጇ ዳናዊትም ስልክ ስትደውል ብርድ ልብስ ተከናንባ የምታወራ ይመስላታል።

"ማሚ፣ ፕሊስ፣ ጆሮሽን ቼክ አስደርጊ" ትላታለች ዳናዊት።

"የኔ ጆሮ ደህና ነው። የናንተ የእዚህ አገር ልጆች አማርኛ ነው ወገቡ የተቆረጠው።"

እንዲህ ትበል እንጂ ነገሩን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ጆሮዋ ከድቷታል፤ በልቧ ጓዳ ታውቀዋለች። ነገር ግን ባሏ ካረፈ ወዲህ ሐረገወይን ሰው ሆና የምትውለው በማኅበሯ ነው። በየወሩ በኪዳነ ምሕረት ስም የሚሰበሰቡት እነዚህ ሰዎች በሐዘኗ ጊዜ ፈረቃቸውን እየቀያየሩ፣ ምግብ በየተራ እያመጡ፣ ቤቷ ወለል ላይ አብረዋት እየተኙ ያቆሟት ናቸው። እና ምን ፈራች? "ደነቆረች" ከተባለች ሰው ያዝንላታል፤ የታዘነለት ሰው ጥግ ይቀመጣል፤ ጥግ የተቀመጠ ሰው ቀስ በቀስ ይረሳል። እንዲህ ነው ያሰበችው። ስለዚህ ዘዴ አበጀች። ሰው ሲያናግራት ፊቱን አይታ ፈገግ ትላለች፤ ቀጥላ "እሰይ! እግዚአብሔር ይመስገን!" ትላለች።

ዘዴው አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ሐበሻ ከሚያወራው ነገር "እግዚአብሔር ይመስገን" የማይገባበት ጥቂት ነው። ከጥቂቱ አንዱ ግን ወይዘሮ ብፅዓት ጉልበቷ ኦፕሬሽን ካልተደረገ መራመድ እንደማትችል ሐኪሙ የነገራትን ያጫወተቻት ቀን ነበር። ሐረገወይን እጇን ግጥም አድርጋ ይዛ፣ "እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ! ያንቺ ጸሎት መቼ መሬት ወድቆ ያውቃል!" አለቻት። ወይዘሮ ብፅዓት እስከ ፋሲካ አኮረፈቻት።

ከጋሽ ኃይለመለኮት ጋር እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። የሚሉትን ሁሉ ትሰማለች። ስለዚህም ገድላቸውን ከነዝርዝሩ የሚያውቅ ከተፈለገ ምስክሯ እሷ ናት።

ፓርክ ሮያል ባለ የዳቦ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳቦ ሲያሽጉ ኖረው፣ ጡረታቸው ሲቃረብ ፋብሪካው የሚያሽግ ሮቦት አመጣ። ጓደኞቻቸው ሮቦቱን ረገሙት። ጋሽ ኃይለመለኮት ግን የመጨረሻዋ ዕለት ኮታቸውን ደርበው ወደ መኪናው ተመለሱና የብረት ክንዱን ጨብጠው፣ "በርታ ልጄ፤ ወገብህን ጠብቅ" ብለው ተሰናበቱት። ዛሬም ስለሱ ቢጠየቁ "ሥራ ያስያዝኩት እኔ ነኝ" ይላሉ፣ የዘመድ ልጅ ያስቀጠሩ ይመስል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው አማርኛ መናገር የጀመረ ሰሞንም ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ "እንደምን አደሩ? ሰላምዎ ይብዛ! ስለ ሽሮ አሠራር አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር" ሲሉ ተገኙ። ወይዘሮ ብፅዓት "ደግሞ መኪና አንቱ ይባላል?" አለቻቸው። "ነገ አለቃችን ቢሆንስ? አንተ ሲለኝ ነበር ብሎ ይያዝብኝ?" ብለው መለሱ። ከቁም ነገር በፊት ስልክ ሁሉ ተሰብስቦ ድስት ውስጥ ገብቶ ይከደን የሚለውን ሕግ ያወጡትም እሳቸው ናቸው፤ ስልክ ይሰማላ! "ስለ ጫማ አውርታችሁ በማግሥቱ የጫማ ማስታወቂያ አልመጣባችሁም?" ሲሏቸው ሁሉም ይመጣበታል፤ ሁሉም ስልኩን ያስረክባል። አንድ ጊዜ ድስቱ ምድጃ ላይ ተረስቶ ሽሮ ሊገለበጥበት ለጥቂት ነው የተረፈው።

ትልቁ ገድላቸው ግን የሰዓቱ ነው። ሰው ሲወድቅ አውቆ አምቡላንስ የሚጠራ ሰዓት መጣ አሉ፤ ገዙና አሰሩት። ችግሩ፣ ሰዓቱን የሠሩት ፈረንጆች ስግደት የሚባል ነገር መኖሩን አልሰሙም። የስቅለት ዕለት ጋሽ ኃይለመለኮት "ኪርያላይሶን" እያሉ ግንባራቸውን መሬት ሲያስነኩ ሰዓቱ ወደቁ ብሎ ደነገጠ። ደህና መሆናቸውን ጠየቃቸው፤ በጸሎት ላይ ስለነበሩ አልመለሱለትም። ብድግ አሉና እንደገና ወደቁ። አምቡላንሱ ደርሶ ሁለቱ ባለሙያዎች ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲቆሙ ያዩት ነገር አንድ የወደቀ ሽማግሌ አይደለም። ቤቱን የሞላው ሕዝብ በአንድነት ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይወድቃል። አንዷ ሌላ እርዳታ ልትጠራ ሬዲዮዋን ስታነሣ ዲያቆኑ ሮጦ ደረሰባት። ጋሽ ኃይለመለኮት ግን ምንም አላፈሩም። "ዕቃው እንደሚሠራ አረጋገጥን" ነው ያሉት።

ሌላው አመላቸው ዕቃ ማከፋፈል ነው። ማከፋፈል እንኳ አይባልም፤ ሁሉም የሚሄደው ወደ አንድ ቤት፣ ወደ ሐረገወይን ቤት ነው። እዚያው ኬኒንግተን ካውንስሉ በሚያከራየው አንድ የሕንፃዎች መንደር፣ እስቴት በሚሉት፣ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ እሳቸው ምድር ቤት፣ እሷ አራተኛ ፎቅ። ካርቶን ታቅፈው ይመጡና፣ "ለሙከራ ነው። እኔ ቤት ቦታ የለም። ሞክሪውና ሪፖርት አድርጊልኝ" ይላሉ።

መጀመሪያ ያመጡት የበር ደወል ነበር። ሰው ሲጫነው ሳሎኑ ውስጥ ያለ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ቀጥሎ ትራስ ሥር የሚቀመጥ፣ በመነሻ ሰዓት አልጋውን ከነባለቤቱ የሚያንቀጠቅጥ ማንቂያ አመጡ። ሌላ ቀን ቴሌቪዥኗን ሲጎረጉሩ ዋሉና ሰዎቹ የሚናገሩት ሁሉ ከሥር እንዲጻፍ አደረጉት። ሐረገወይን ይሉኝታ ይዟት አትመልስላቸውም እንጂ ለዳናዊት አማርራለች። "ቤቴን መጋዘን አደረጉት። እንደ ሰው የሚጠርግ ሮቦት እንኳ አያመጡልኝም፤ የሚያመጡልኝ ብልጭልጭና ንቅጥቅጥ ብቻ።" ዳናዊት ወሬውን ወደ ሌላ አዞረችው። ሪፖርቱንም ሐረገወይን አንድ ቀን አቅርባ አታውቅም። ዕቃዎቹን ግን ለመደቻቸው፤ አሁን አሁን ያለነሱ እንዴት እንደምትውል ራሷም አታውቅም።

በኅዳር ወር ማኅበሩ ወይዘሮ ብፅዓት ቤት፣ ክላፋም ነበር። ጋሽ ኃይለመለኮት ባቡር ተቋርጦባቸው ዘገዩ፤ ሐረገወይን ያለ አስተርጓሚ ቀረች ማለት ነው። ከጸሎት በኋላ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት ሰብሳቢው፣ አቶ ተክለአብ ተነሡ። አቶ ተክለአብ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ ሲናገሩ ጢማቸው ብቻ የሚንቀሳቀስ ሰው ናቸው። ሰዉን አንድ ነገር ጠየቁ። ሰዉ ጉልበት ጉልበቱን ያይ ጀመር። አቶ ተክለአብ ዓይናቸውን እያዞሩ እሷ ላይ ደረሱ፤ ሐረገወይን ጤንነቷን የጠየቋት መስሏት ፈገግ አለችና፣ "እሰይ! እግዚአብሔር ይመስገን!" አለች።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አቶ ተክለአብ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ በሁለት እጃቸው አምጥተው ሰጧት። ጓዳ እንድታስቀምጠው የተላከች መስሏት ወሰደችና ከሳህን ማጠቢያው አጠገብ በጥንቃቄ አኖረችው። ተመልሳ ስትመጣ ሁሉም ሲስሟት፣ ምን ያለ የተባረከ ማኅበር ነው፣ ዕቃ ላቀበለም ይህን ያህል ይመሰገናል ብላ ተደነቀች።

ነገሩ የፈነዳው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ጋሽ ኃይለመለኮት ለምሳው ደርሰው ነበርና አብረው ተሳፈሩ።

"ሐረጌ፣ አንቺ ጀግና ነሽ!" አሉ፤ አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ ሐረጌ የምትባለዋን ጀግና አየ።

"ምን ሠራሁና?"

"የየካቲት ኪዳነ ምሕረትን፣ ዓመታዊውን ዝክር! አዳራሹ ዘንድሮ አይገኝም፣ በቤቱ የሚቀበለን ማን ነው ቢሉ፣ ያን ሁሉ ወንድ ቀድመሽ እሰይ ብለሽ የተረኛዋን ጽዋ ተቀበልሽ አሉኝ! አርባ ሰው! ከነካህናቱ!"

ሐረገወይን ወንበሩን ያዘች። አንድ መኝታ ቤት ያላት የካውንስል ቤቷ በዓይኗ ላይ መጣች፤ ሶፋዋ፣ ጠባቡ ኮሪደር፣ ሰው በጎን የሚገባበት ኩሽና። "ጽዋውን እኮ ጓዳ አስቀምጪው ያሉኝ መስሎኝ..." ካለች በኋላ የተናገረችው ገባት፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

ጋሽ ኃይለመለኮት በተራቸው ያልሰማ መስለው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

"ጋሽ ኃይለመለኮት፣ እኔ ከማኅበሩ እወጣለሁ" አለች። "አሟታል ብለው ይንገሩልኝ። አልቻልኩም። ደከመኝ።" እንባዋ ቀደማት። ዝክሩን ማዘጋጀቱ አልነበረም ያስለቀሳት። ዛሬ ጽዋ ነው፤ ነገ ደግሞ መርዶ ሲነግሯት "እሰይ" ልትል ነው። ሳይደርስባት በክብር ቀርቶ መገላገል ይሻላል ብላ ነው።

ለምን ብለው አልጠየቋትም። ኬኒንግተን እስኪደርሱ አንድም ዜና አላወሩም። ለጋሽ ኃይለመለኮት ይህ ከጾም የሚከብድ ነገር ነው።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ የሳሎኑ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። በሩን ስትከፍት ጋሽ ኃይለመለኮት ናቸው። ካርቶን አልያዙም። ገመድም አይታይባቸውም።

"የመጣውን ሰማሽ?" አሉ፤ ፊታቸው ግን የባለ ዜና ፊት አልነበረም።

"ደግሞ ምን መጣ?"

"በራሴ መጣ። ጆሮዬ ሊጠፋ ነው።"

"ማን ነገረዎት?" አለች ሐረገወይን።

"ሰው ሁሉ ይጮኻሉ ይለኝ የለ? የሚጮኸው እኮ የማይሰማ ሰው ነው! ተጽፎ አንብቤዋለሁ፤ በቪዲዮም አይቼዋለሁ። ምርመራ ቡክ አድርጌያለሁ። ብቻዬን ከምሄድ ግን ብቀር ይሻለኛል። እንኳን ለሰው ለግድግዳም አልተናገርኩም፤ ለአንቺ ብቻ ነው።"

ሮቦት ጨብጠው የተሰናበቱ ሰው እንዲህ ሲፈሩ አይታ አታውቅም። አንጀቷን በሉት። ከለንደን ሰው ሁሉ ይህ ፍርሃት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ቢኖር እሷ ናት፤ እሷም ልትነግራቸው አልቻለችም። "እኔ እያለሁ ብቻዎን አይሄዱም" አለችና ኮቷን አነሣች።

የሄዱት እዚያው አቅራቢያ ያለ፣ መነጽርም የሚሸጥ፣ ጆሮም የሚመረምር ሱቅ ነው። አንዲት ፊቷ የማይጠቁር ወጣት ተቀበለቻቸውና በስፖንጅ የተለበጠች ጠባብ ክፍል አሳየቻቸው። ጋሽ ኃይለመለኮት በሯ ላይ ሲደርሱ እንደ በቅሎ ቆሙ።

"እኔ ይህን መኪና አላምነውም። መጀመሪያ በሷ ይሞከር።"

"በኔ? እኔ ምን ሆንኩና?"

"ምንም ስላልሆንሽ ነዋ! ደህናውን ጆሮ ደህና ካላለ የኔን እንዴት አምነዋለሁ? ለሙከራ ነው ሐረጌ። ግቢና ሪፖርት አድርጊልኝ።" ልጅቷንም በእንግሊዝኛ ለምነው አሳመኗት።

ለሳቸው ስትል ገባች። ልጅቷ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጋላት፣ ድምፅ በሰማች ቁጥር የምትጫነውን ቁልፍ አስያዘቻት፤ በሩ ተዘጋ። ሐረገወይን ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ጠበቀች። አንዳንድ ጊዜ የሆነ ነገር ሽው ያለ እየመሰላት ተጫነች። ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ጠበቀች። ምን ያዘገያታል ብላ ልጅቷን በመስታወቱ ስታይ ልጅቷ ጎንበስ ብላ ትሠራለች። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ።

"ገና አልጀመርሽም እኮ" አለቻት ሐረገወይን።

"ጨርሻለሁ" አለች ልጅቷ፤ ከፊቷ ቁጭ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯ እንዲታያት አድርጋ።

ጋሽ ኃይለመለኮት ተራቸው ደርሶ ገቡና ወጡ። የሳቸው ጆሮ የወጣት ነው ተባለ። ያን ጊዜ አፍረው መሬት መሬት አዩና፣ "መኪናው ተበላሽቶ ይሆናል" አሉ።

ሐረገወይን መንገዱን ሙሉ የምታስበው አንድ ነገር ነበር። እግዚአብሔር ምን ይሳነዋል፤ እሳቸውን በከንቱ አስፈርቶ እኔን አስመረመረኝ! ሰውዬው በራሳቸው ጉዳይ ባይጨነቁ ኖሮ እስከ ዕለተ ሞቴ "እሰይ" እያልኩ ልኖር ነበር። ይህን ስታስብ ለነዚያ ፍርሃት ላደረባቸው ዓይኖቻቸው ምስጋና ተሰማት፤ በሰው ፍርሃት መደሰቷ ደግሞ ትንሽ አሳፈራት። በኋላ ጂፒዋ፣ የሰፈር ሐኪሟ፣ ሆስፒታል ሪፈር አድርጓት ጆሮ ላይ የሚደረጉት ሁለት ትንንሽ የመስሚያ መሣሪያዎች ሲመጡ፣ "ይህን አድርጌ ማን ፊት እቆማለሁ?" ብላ ልትመልሳቸው ነበር። ጋሽ ኃይለመለኮት ግን የሚሉት የታወቀ ነው። "ለሙከራ ነው። ሻሽሽ ይሸፍነዋል። ሞክሪውና ሪፖርት አድርጊልኝ።"

አደረገቻቸው። ፍሪጇ ለካ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል። ዝናብ መስኮቱን ሲመታ ድምፅ አለው። ነጠላዋ ስታጣፋው ሽው ይላል። ኩሽና ውስጥ ማን ገባ ብላ ስትደነግጥ የራሷ ጫማ ነው። ዳናዊት ስትደውል ደግሞ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አለ፤ የሟች አባቷ ዓይነት፣ ወሬ ሳይጀምር የሚቀድም ሳቅ። ይህን ሳቅ ከመቼ ጀምሮ እንዳጣችው አታውቅም። ስልኩን ይዛ አለቀሰች።

"ማሚ? ማሚ፣ ኦኬ ነሽ? ትሰሚኛለሽ?"

"አውሪ ልጄ። ዝም ብለሽ አውሪ።"

ከማኅበሩም አልወጣችም። መውጣቷን እንዲናገሩላት የላከቻቸው ሰው መልእክቱን አላደረሱማ! በሕይወታቸው ያላደረሱት ዜና እሱ ብቻ ነው።

የካቲት ኪዳነ ምሕረት ደረሰ። አራተኛ ፎቅ ያለው ቤት አርባ ሰው ያዘ፤ እንዴት እንደያዘ አትጠይቁ። ሶፋው ወደ መኝታ ቤት ገባ፣ ወንበር ከየጎረቤቱ መጣ፣ ከሥር ለሚኖሩት ፈረንጆች በጠዋት ድፎ ዳቦ ተላከላቸው። የበሩ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ዋለ። ቄሱ ሲጸልዩ ሐረገወይን እያንዳንዱን ቃል ሰማች፤ አቶ ተክለአብ ሲናገሩም ለካ ከጢማቸው በስተጀርባ ድምፅ አለ።

ከጸሎት በኋላ ኩሽና ገብታ ከዳናዊት ጋር ወጥ ስታወጣ ከሳሎን አንድ የማታውቀው ድምፅ ሰማች። ለስለስ ያለ፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ተረት እንደሚያወራ ሰው የማይቸኩል ድምፅ ነው። ስለሚናገር መኪና፣ ስለማይናገር ሾፌር ያወራል፤ ሰው ይስቃል።

"ይኸ እንግዳ ማነው?" አለች።

"የቱ?"

"ይኸ የሚያወራው። ማን ይዞት መጣ? እንዴት ያለ ጨዋ ድምፅ ነው።"

ዳናዊት ጭልፋውን እንደያዘች ዞር ብላ አየቻት። "ማሚ፣ ጋሽ ኃይለመለኮት ናቸው እኮ።"

"ሂጂ! እሳቸው እንዲህ ነው እንዴ የሚያወሩት?"

"ኦልዌይስ። ስልክ ሲደውሉልኝ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳገኛቸው፣ እንደዚህ ናቸው። አንቺ ያለሽበት ሲሆን ነው የሚጮኹት።" ዳናዊት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ሐረገወይን ግን አሁን ይህንንም ትሰማለች። "ዶርቤሉ፣ ትራሱ፣ ቲቪው፣ እነሱ ሁሉ እኮ መስማት ለሚቸግረው ሰው የሚሠሩ ናቸው። አይ ኒው፣ አውቅ ነበር። እንዳትነግሪያት ብለውኝ ነው። አትግፊያት፣ በራሷ እግር ትምጣ አሉኝ።"

ሐረገወይን ሰፌዱን አስቀመጠች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው እውነት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በሰው ቤት፣ በአውቶቡስ፣ በማኅበር መሐል ሲጮኹ፣ ሰው ጆሮውን ይዞ ሲስቅባቸው፣ "ለፋፊ" ሲላቸው፣ እሷ አጥርተው የሚናገሩ ሰው ናቸው እያለች ትፈርድላቸው ነበር። ሰውዬው ደንቁሬያለሁ ብለው ዋሽተው፣ ወጣት ጆሯቸውን ይዘው ጎን ለጎን የሄዱት ለማን እንደነበር አሁን ገባት። አንድ ቀን እንኳ፣ በዓይናቸውም በቃላቸውም፣ አውቄብሻለሁ አላሏትም። ሙያ በልብ ነው ማለት ለካ እንዲህ ያለውን ነው። ደረቷን የሞላው ነገር ምስጋና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እጇን አደራርቃ ወደ ሳሎን ገባች። ጋሽ ኃይለመለኮት ብቅ ስትል አዩዋትና ያ ለስላሳ ድምፅ ወዲያው ጠፋ። ደረታቸውን ነፍተው፣ አንገታቸውን አስግገው ጮኹ።

"ሐረጌ! የመጣውን ሰማሽ?"

የሰዉ እጅ ሁሉ ወደ ጆሮው ሄደ። ሐረገወይን በወንበሮቹ መካከል እየተሹለከለከች መጥታ ፊታቸው ቆመች። ከዚያም ሰው ሁሉ እያየ ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገችው።

"ጋሽ ኃይለመለኮት፣ ስንት ጊዜ የጠየቁኝን ሪፖርት ዛሬ ላቅርብ" አለች። "መብራት ያለው ደወል ይሠራል። የሚንቀጠቀጠው ትራስ ይሠራል። የሚጽፈው ቴሌቪዥን ይሠራል። ይኸም፣" ጆሮዋን ነካች፣ "ተመስገን፣ ይሠራል። ከሁሉም በላይ ግን የሠራልኝ ጩኸትዎ ነው። እሱ ባይኖር ከሰው ተራ ወጥቼ ነበር። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አሁን ይረፉ።"

ወይዘሮ ብፅዓት ጆሮዋ ላይ የነበረውን እጇን ቀስ ብላ አወረደችና በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። የደቡብ ለንደን የቴክኖሎጂ ሚኒስትር ኪሳቸውን ዳበሱ፤ የገመዱን ጫፍ ያዙ፤ መልሰው ለቀቁት።

ከዚያም ለሷ አዲስ በሆነችው በዚያች ዝቅተኛ ድምፃቸው፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል፣ "ገና ምኑ ታየና" አሉ።

ሰማቻቸው።